ሁለት ጠመንጃ በአንድ ቁጥር

ሻሺቱ ወልደሥላሴ ጠመንጃ በመያዟ ሰው ሲገረምባት አትወድም ነበር። ላንቴ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ አንሥቶ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው የሙዝ እርሻ መካከል ግማሽ ሄክታሩ የእሷ ነው። ሙዙን የተከለችው እሷ፣ ተራዋ ሲደርስ ውኃውን ከቦዩ የምትጠልፈው እሷ፣ ዘለላው ሲደርስ ከነጋዴ ጋር ተከራክራ የምታስጭነው እሷ። ታዲያ ያንን ሙዝ የሚጠብቀው ጠመንጃ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ የሚውልበት ምክንያት አይታያትም።

ጠመንጃው የባሏ የጌታነህ ነበር። እሱም ከአባቱ የወረሰው ነው። በተሠራበት አገር ስም ሰዉ ሁሉ ቤልጅግ ይለዋል፤ እንጨቱ በእጅ ብዛት ጠቁሮ የሚያብለጨልጭ፣ ብረቱ ግን ገና ያልደከመ። ጌታነህ ሲሞት የባሏ ወንድሞች ተሰብስበው «መሣሪያው ለወንድ ይሰጥ» አሉ። ሻሺቱ አልተጨቃጨቀችም። ለቅሶው እንዳበቃ ከሰል የመሰለ ጥቁሯን እንደለበሰች ወደ ላይኛው ከተማ ሴቻ፣ ፖሊስ ዘንድ ወጣች፤ የወራሽነት ማስረጃ አመጣች፣ የሐኪም ወረቀት አመጣች፣ ምስክር አቀረበች፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ፈቃዱን በራሷ ስም አወጣች። ከዚያ በኋላ የባሏ ወንድሞች ነገሩን አላነሡትም። እንዲያውም ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ ወደነሱ እርሻ ሲያመራ ልጅ የሚልኩት ወደ እሷ ነው።

ገድላበት አታውቅም። ከርከሮው ሥር ሲቆፍር ወይም ጉማሬው ቦዩን ተሻግሮ ሲመጣ ወደ ሰማይ አንድ ትተኩሳለች፤ አውሬው ድምፁን ያውቀዋል፣ ይመለሳል። በዓመት ከሦስት ጊዜ አይበልጥም። ጥይት እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ግን ቤልጅጉ ከዳት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጉማሬ መጣ ተብላ ወጣች፣ አቀባበለች፣ ሳበች፤ ቀጭ አለና ዝም። ደግማ ሞከረች። ጉማሬው እስኪጠግብ በላ፣ የቀረውን ረጋግጦ ሄደ። በማግሥቱ ጠዋት ሻሺቱ ጠመንጃውን በአንሶላ ጠቅልላ፣ ፈቃዱን በላስቲክ ቋጥራ፣ ሚኒባስ ተሳፍራ ታችኛው ከተማ ሲቀላ ወረደች።

ሲቀላ ውስጥ መሣሪያ ለመጠገን ፈቃድ ያላቸው ጋሽ ደበሌ ናቸው። በወጣትነታቸው የጦር ሠራዊት መሣሪያ ጠጋኝ ነበሩ፤ አሁን ቀን ቀን የውኃ ፓምፕና የወፍጮ ዕቃ ይሠራሉ፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ሆነው ያገለግላሉ። ጠመንጃ ይዞ የሚመጣባቸው ሰው ቁጥሩ እያነሰ ነው።

የቤልጅጉን መቀርቀሪያ አውጥተው በመነጽራቸው ጫፍ ጫፉን አዩት።

«መርፌው ነው» አሉ። «ጥይቱን የሚመታው ጫፉ ተሰብሯል።»

«ይቀየራላ» አለች ሻሺቱ።

«በምን ልቀይረው፣ ልጄ? ድሮ አዲስ አበባ ሰው ብልክ አላጣም ነበር። አሁን ጠመንጃውም፣ የጠመንጃውም ዕቃ ለግል ሰው ከውጭ አይገባም። አገር ውስጥ ያለው ያው ያለው ነው። አንዱ ሲሞት ከሬሳው አውጥተን ለሌላው እንሰጣለን። የቤልጅግ ሬሳ ደግሞ ካየሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። እኔ ከብረት ቀርጬ ብሠራልሽ በሁለተኛው ጥይት ይጎብጣል፤ ብር ተቀብዬ አላታልልሽም።»

በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የወፍጮ ዕቃውን የሚጠብቅ የመሰለ ሰው ነበር። ወፈር ያለ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ሁለት ስልክ የያዘ። ይፍሩ ይባላል። ደላላ ነው፤ መሬትም ያገናኛል፣ ሞተር ሳይክልም ያገናኛል፣ የሚፈለገውን ሁሉ ያገናኛል።

«እትዬ» አለ ተነሥቶ፣ «ቤልጅጉን ለምን አይሸጡልኝም? ወረቀት ያለው መሣሪያ ዛሬ የት ይገኛል? በዋጋው ሲቀላ ላይ ቦታ ይገዙበታል።»

«ቦታ አለኝ» አለች ሻሺቱ። «የሚያስፈልገኝ መርፌ ነው።»

ይፍሩ አልተቀየመም። ፈገግ ብሎ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ላንቴ ድረስ በሞተር መጥቶ በራፏ ላይ ቆመ፤ በመሀረብ የጠቀለለውን ፈታ። መርፌ ነበር፣ አሮጌ፣ ግን ደህና። ጂንካ በኩል ከተሰበረ ቤልጅግ ላይ አገኘሁት አለ። ዋጋውም የሚያስደነግጥ አልነበረም።

«ግን» አለ፣ «ቤልጅግ ከቤልጅግ ይለያያል። ከርስዎ ጋር መግጠሙን ለማረጋገጥ ቁጥሩን ፎቶ ላንሣው። ፈቃዱንም አንድ ጊዜ፤ ያለ ወረቀት ዕቃ ሸጠ እንዳልባል።»

ሻሺቱ የሙዝ ዘለላ ስታይ ክብደቱን በዓይኗ የምትገምት፣ ነጋዴ ሲዋሽ ከአተነፋፈሱ የምታውቅ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ሐሳቧ ጉማሬው ላይ ነበር። ፈቃዱን አመጣች፣ ጠመንጃውን አመጣች፣ ይፍሩ ሁለቱንም ፎቶ አነሣ። መርፌውን ጋሽ ደበሌ ገጠሙላት፤ በሳምንቱ ጉማሬው ሲመጣ ቤልጅጉ እንደ ድሮው ጮኸ። እሷም ነገሩን ረሳችው። ይፍሩ እስከ መስከረም ድረስ ሁለት ጊዜ ደውሎ «አልሸጥም ነው አሁንም?» ብሏታል፤ «አሁንም ነው» ብላዋለች።

ጥቅምት ላይ ፈቃዷን ልታሳድስ ሴቻ ወጣች። ምዝገባውን የሚሠራው ምክትል ኢንስፔክተር ተክለወልድ የሚባል፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ወጣት መኮንን ነው። ወረቀቷን አየ፣ ጠመንጃውን አገላብጦ ቁጥሩን አየ፣ መዝገቡን ገለጠ። ከዚያ እጁን መዝገቡ ላይ አድርጎ ቀና አለ።

«እትዬ ሻሺቱ፣ ይቀመጡ እስቲ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። ምንድን ነው?»

«በዚህ ቁጥር የተመዘገበ ቤልጅግ ከአሥር ቀን በፊት ለእድሳት መጥቷል። አራት ሺህ ሰባት መቶ አሥራ ሁለት። ስሙ የእርስዎ አይደለም። ሁለት ጠመንጃ አንድ ቁጥር ሊኖረው አይችልም፤ አንደኛው ሐሰተኛ ነው። እስኪጣራ ሁለቱም እዚህ ይቆያሉ። ሐሙስ ይምጡ፣ ያኛውንም ባለቤት እንጠራዋለን።»

ሻሺቱ ደረሰኝ ተቀብላ ወጣች። ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሐይቁ ከታች ሲገለጥ፣ የይፍሩ ስልክ ወደ ጠመንጃው ጎንበስ ሲል ትዝ አላት። ጆሮዋ ድረስ ጋላት። የተታለለችበት ነገር ትንሽ ቢሆን አይቆጫትም ነበር፤ ለአንዲት መርፌ ስትል የጌታነህን ጠመንጃ አሳልፋ የሰጠች መሰላት። ባጃጁ ሲቀላ እስኪደርስ ግን ንዴቱ ቦታ ቦታውን ያዘ። ሌላኛው ጠመንጃ የመጣው ከይፍሩ ነው። የእሷ የእሷ ነው። ይህንን ማስረዳት አያቅታትም።

የባሏ ወንድም ቤት ጠብቆ «መሣሪያውን ወሰዱብሽ አሉ» አላት።

«ሐሙስ ይመልሱታል» አለችው።

ሐሙስ ጠዋት ገና ቢሮው ሳይከፈት ደረሰች። ጋሽ ደበሌም በባለሙያነት ተጠርተው፣ መሣሪያቸውን በቆዳ ቦርሳ ይዘው መጥተዋል። ሻሺቱ ሌላኛውን ባለቤት በዓይኗ ስትፈልግ የጠበቀችው ይፍሩን የሚመስል ሰው ነበር፤ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ሁለት ስልክ። አግዳሚው ጫፍ ላይ የተቀመጠው ግን ሠላሳ ያልሞላው፣ ነጠላ የደረበ፣ ጫማው የደጋ ጭቃ የያዘ ሰው ነው። ሳምሶን ይባላል። ከጨንቻ በሌሊት ተነሥቶ ነው የወረደው። ሰላም ስትለው ከመቀመጫው ብድግ አለ።

ተክለወልድ ሁለቱን ጠመንጃዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። እውነትም ይመሳሰላሉ። የሳምሶን ትንሽ አዲስ ይመስላል፤ ቁጥሩ ግን ያው አራት ሺህ ሰባት መቶ አሥራ ሁለት።

«ከመጀመርዎ በፊት የምናገረው አለኝ» አለች ሻሺቱ። «ግንቦት ላይ የፈቃዴንና የጠመንጃውን ቁጥር አንድ ደላላ ፎቶ ሲያነሣ ዝም ብዬ አይቻለሁ። መርፌ አምጥቶልኝ ነበር። አሁን ውስጡ ያለው መርፌም እሱ የሸጠልኝ ነው። ጥፋቴ ይኼ ነው። ጠመንጃው ግን የእኔ ነው።»

ተክለወልድ ጽፎ ቀና አለ። «በምን ያረጋግጣሉ?»

«እንጨቱን ይፍቱት።»

«እንዴት?»

«በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ እኔና ጌታነህ እንጨቱን ፈትተን ብረቱን ዘይት እንቀባው ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ብቻዬን እቀባለሁ። ከእንጨቱ ሥር ብረቱ ላይ ያው ቁጥር አለ፤ ፋብሪካው የመታው። ደላላው ውጭውን ነው ፎቶ ያነሣው። ውስጡን አላየም።»

ጋሽ ደበሌ ፈገግ አሉ። ቦርሳቸውን ከፍተው የሻሺቱን ጠመንጃ ብሎን በብሎን ፈቱ፣ እንጨቱን ቀስ ብለው አነሡ። ተክለወልድ በስልኩ መብራት ጎንበስ ብሎ አየ። ቁጥሩ አለ፤ ጥርት ያለ፣ አጠገቡ ትንንሽ የፋብሪካ ምልክቶች ያሉበት። ከዚያ የሳምሶንን ፈቱ። ከእንጨቱ ሥር የነበረው ሌላ ቁጥር ነው፤ ረጅም፣ በሌላ አጻጻፍ። ውጭ ያለውን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ተሞርዷል» አሉ። «ሞርደው በላዩ ላይ አዲስ መትተውበታል። ጎበዝ እጅ ነው፣ ግን ቸኩሏል።»

ሳምሶን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ። «ታዲያ ይኼ ቤልጅግ አይደለም?» አለ።

«ይተኩሳል፣ ልጄ። ቤልጅግ ግን አይደለም። በየትኛው ድንበር እንደገባ ጌታ ይወቀው።»

ሳምሶን ተቀመጠ። ረጃጅም ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ፣ ማንም ሳይጠይቀው መናገር ጀመረ። ሸማኔ ነው፣ የሸማኔ ልጅ። የፋብሪካ ልብስ ገበያውን ሲያጠብበት፣ ጫኖ አካባቢ አንድ የፍራፍሬ እርሻ ጥበቃ እንደሚፈልግ ሰማ። ሲጠይቅ፣ የራሱ ሕጋዊ መሣሪያ ያለው ብቻ ነው አሉት፤ ባዶ እጁን የሚመጣ ብዙ ነው። ጠመንጃ ልግዛ ሲል አዲስ የሚባል ነገር የለም። ሱቅ የለም፣ አስመጪ የለም። ወረቀት ያለው አሮጌ የያዘ ሰው ደግሞ ከእጁ አይለቅም። በመጨረሻ አንድ ሰው «የሟች መሣሪያ ነው፣ ወረቀቱ ሙሉ ነው» ብሎ አመጣለት። ሁለት በሬና የአባቱን የሽመና ዕቃ ሸጠ። ወረቀቱ ላይ ስሙ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ሲያይ አመነ።

«ሐሰተኛ ቢሆንማ ኖሮ» አለ፣ «በእግሬ ወደ ፖሊስ ይዤው እመጣ ነበር? ሊታደስልኝ ነው ያመጣሁት።»

ተክለወልድ የሻሺቱን ወረቀት ፈርሞ ማኅተም መታበትና ወደ እሷ ገፋው። «የእርስዎ ጉዳይ አልቋል። ቤልጅግዎን ይዘው መሄድ ይችላሉ።»

ጋሽ ደበሌ እንጨቱን መልሰው ገጠሙላት። ጠመንጃውን አነገተች። በሩ ድረስ ሄደችና ቆመች።

«እሱስ?»

«ሕገ ወጥ መሣሪያ ነው የተገኘበት። ሻጩ ካልተገኘ ተጠያቂው እሱ ነው።» ተክለወልድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም። ሻጩን መምህር ብሎ ነው የሚያውቀው። የሰጠው ስልክ ተዘግቷል።»

ሻሺቱ ወደ ሳምሶን ዞረች። «ሰውዬው ወፍራም ነው?»

«ወፈር ያለ ነው፣ እትዬ። ሁለት ስልክ ይይዛል።»

«መምህር አይደለም» አለች ተመልሳ እየተቀመጠች። «ይፍሩ ነው። እኔ ጋ ያለው ቁጥሩ ደግሞ ይሠራል፤ ባለፈው ወር ደውሎልኛል። አሁን ልደውልለት?»

ተክለወልድ ትንሽ አሰበና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ደወለች። ይፍሩ በሁለተኛው ጥሪ አነሣ።

«እትዬ ሻሺቱ። በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው። ስለዚያ ነገር አስቤ ነበር።»

«ስለ ቤልጅጉ?»

«ቤት ላድስ ነው። ቅዳሜ ሙዝ አስጭናለሁ፤ መጫኛው ቦታ ና፣ እንነጋገር። ብቻህን ና፣ የባሌ ወንድሞች እንዲሰሙ አልፈልግም።»

«የማይሆን ነገር የለም። ቅዳሜ።»

ስልኩን ዘግታ ለመሄድ ተነሣች። ሳምሶን ግን ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የላንቴ የሙዝ መጫኛ እንደ ወትሮው ተጨናንቋል። አይሱዙው ኋላውን ከፍቶ ቆሟል፤ ጫኚዎቹ ዘለላውን በኮባ ቅጠል ላይ እየደረደሩ ይቀባበላሉ። ተክለወልድ አሮጌ ኮፍያ አጥልቆ፣ የነጋዴው ሰው መስሎ ደብተር ይዞ ዘለላ አጠገብ ተቀምጧል። ሁለት ባልደረቦቹ ከጫኚዎቹ ጋር ይሸከማሉ። ሻሺቱ መጥታ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ጫማዎ» አለች።

«ምን ሆነ?»

«መስታወት ነው። ሙዝ ጭነት ላይ እንዲህ ያለ ጫማ ያለው ሰው አይመጣም። ቦዩ እዚያ ነው።»

ተክለወልድ ሄዶ ሁለቱንም ጫማ ጭቃ ውስጥ ነክሮ ተመለሰ።

ይፍሩ ሦስት ሰዓት ላይ በሞተሩ መጣ። ሻሺቱ ከዘለላዎቹ አጠገብ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው፣ የበሰለ ሙዝ ሰጠችው። ልጦ እየበላ ዙሪያውን ቃኘ። ያየው ሙዝና ያላበው ጫኚ ብቻ ነው።

«እንግዲህ ጠመንጃውን ልሸጥልህ ነው» አለች። «ስንት ትሰጠኛለህ ሳይሆን፣ እንዴት ነው የሚሆነው፣ እሱን ንገረኝ።»

ይፍሩ ጠጋ አለ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ እትዬ። ጠመንጃው ይቅርብዎት። ለጉማሬው ያስፈልግዎታል። እኔ የምፈልገው ወረቀቱን ነው። ዋናውን።»

«ወረቀቱን? ያለ ጠመንጃ?»

«ብረቱማ ሞልቷል። በዚያም በዚህም ይገባል። የሌለው ወረቀት ነው። ከውጭ መግባቱ ከተከለከለ ወዲህ የገዢው ዓይን ብረቱ ላይ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ነው። እርስዎ ጠፋብኝ ብለው ምትክ ያወጣሉ፤ ዋናው ከእኔ ጋር ይሠራል። ማንም አይጎዳም።»

«ያን ጊዜ ፎቶ ያነሣኸውስ? እሱ አይበቃህም?»

ይፍሩ ሳቅ አለ። «እሱማ ሥራ ላይ ውሏል። ለአንድ የደጋ ልጅ ሰጠሁት። ግን ኮፒ ኮፒ ነው፤ አሁን አሁን እየተያዘ ነው። ለዚህ ነው ዋናውን የምልዎት።»

ሻሺቱ ከድንጋዩ ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈች። «ሰምተውታል?» አለች።

ተክለወልድ ደብተሩን አጥፎ ቆመ። ይፍሩ ፊቱን ወደ ሞተሩ ሲያዞር ሁለቱ ተሸካሚዎች ዘለላቸውን አውርደው ሞተሩ አጠገብ ደርሰዋል። ግርግር አልነበረም። ከስልኩ ውስጥ የሃያ ሦስት ሰው የመሣሪያ ፈቃድ ፎቶ ተገኘ፤ አብዛኞቹ ባልቴቶችና ሽማግሌዎች፣ ከጂንካ እስከ ሶዶ የተበተኑ።

ይፍሩ ወደ መኪናው ሲወሰድ ሻሺቱ ፊት ቆመ። ቂም የያዘ አይመስልም፤ ይልቅስ ያልገባው ነገር ያለ ይመስላል።

«እኔ ሰው አልገደልኩም፣ እትዬ። ሰዉ ይፈልጋል፣ መንገዱ ተዘግቷል። እኔ ባላገናኝ ሌላ ያገናኛል።»

«ለዚያ ልጅ የሸጥክለት እኮ ጠመንጃ አይደለም» አለችው ሻሺቱ። «በሁለት በሬ እስር ቤት ነው የሸጥክለት።»

ይፍሩን ወደ መኪናው አስገቡት።

ሳምሶን ከተጠርጣሪነት ወደ ምስክርነት ተዛወረ። ጠመንጃው ተወረሰ፤ በሬዎቹ የተሸጡበት ብር ደግሞ ከይፍሩ ንብረት ይመለስለት ይሆናል ተብሏል እንጂ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሻሺቱም ችሎት ቀርባ ያየችውንና ያደረገችውን፣ ፎቶ ማስነሣቷንም ሳትደብቅ መሰከረች። የይፍሩ ጠበቃ «በራስዎ ፈቃድ አይደለም ወይ ወረቀትዎን የሰጡት?» ብሎ ሲጠይቃት «አዎ፣ በራሴ ፈቃድ። ሁለተኛ ግን አይለምደኝም» አለች፤ ዳኛው ጭምር ፈገግ አሉ።

ከችሎቱ ሲወጡ ሳምሶን በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ወደ ጨንቻ የሚወጣው መኪና በአንድ በኩል፣ ወደ ሲቀላ የሚወርደው ባጃጅ በሌላ በኩል ነው፤ እሱ ሁለቱንም አያይም።

«ወዴት ነህ?» አለችው።

«እንጃ፣ እትዬ። ላይ ብወጣ መሸመኛው የለም። ታች ብወርድ መሣሪያ የሌለውን ማን ይቀጥራል?»

«የእኛ ማኅበር ጠባቂ ይፈልጋል። ከሐይቁ እስከ አስፋልቱ፣ የአርባ ሰው ሙዝ።»

«እናንተስ መሣሪያ አትፈልጉም?»

«ና፣ እነሱኑ እንጠይቃቸው።»

የማኅበሩ ስብሰባ በሳምንቱ ትልቁ ዋርካ ሥር ተደረገ። ጥያቄው እንደተጠበቀው መጣ፤ የባሏ ታላቅ ወንድም ነው ያነሣው። ባዶ እጁን ያለ ሰው ምን ይጠብቃል? መሣሪያ ያለው እንፈልግ።

ሻሺቱ ተነሥታ ቆመች። «መሣሪያ ያለው የምትሉት ማን ነው? አዲስ አይገባ፣ ያለው አይሸጥ። እስኪገኝ ልትጠብቁ ነው? ወይስ እንደዚህ ልጅ አንዱ በሬውን ሸጦ ሐሰተኛ ወረቀት ይዞ እንዲመጣ? ጠመንጃ እንደሆነ አንድ ሕጋዊ አለን፣ እኔ ጋ ነው፣ ስጠራ የቀረሁበት ቀን የለም። የጎደለን ቀኑን ሙሉ የሚሰማ ጆሮና የሚሮጥ እግር ነው። ይኼ ሰው ከጨንቻ ሲቀላ በእግሩ የሚወርድ ነው።»

ትንሽ አጉረመረሙ፤ ከዚያ የሁለት ወር ሙከራ ተባለ።

ሳምሶን የመጀመሪያውን ሳምንት ከአውሬ ይልቅ ከሙቀቱ ጋር ሲታገል ሰነበተ። በሁለተኛው ከርከሮው የሚገባበትን የአጥር ቀዳዳ አንድ በአንድ እየዞረ በእሾህ ደፈነ። ወንጭፍ ገመደ፤ ድንጋዩ ከኮባው በላይ እያፏጨ ሲያልፍ ጫኚዎቹ ሥራቸውን ትተው ያዩታል። የሰው ጠመንጃ መያዝ እንደማይፈቀድለት ስለሚያውቅ፣ ሻሺቱ ቤልጅጉን ስትወለውል እንኳ ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው።

አንድ ጠዋት ዝንጀሮዎቹ ከጫካው በኩል በመንጋ ወረዱ። ሻሺቱ ጩኸታቸውን ሰምታ ከቤት ስትወጣ እጇ በልማድ ወደ ግድግዳው ሄዶ ነበር። ከዚያ የሳምሶንን ድምፅ ሰማች፤ በጋሞኛ እየተሳደበ፣ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው እየዘለለ ይሮጣል። ወንጭፉ ጮኸ፣ አንድ ቅርንጫፍ ተንኮሻኮሸ፣ ትልቁ ወንድ ዝንጀሮ ፊቱን አዙሮ ወደ ተራራው ተመለሰ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ሻሺቱ ጠመንጃውን ከተሰቀለበት አላወረደችም። የውኃ ተራዋ ስለነበር አካፋዋን አንሥታ ወደ ቦዩ ወረደች፣ ግድቡን ከፈተች።